ልባችንን በመርፌ ላስለኩልን ለፊታውራሪ ካሣሁን

ይድረስ ለክቡር ፊታውራሪ ካሣሁን፣ የዋርካ በር ምክትል ወረዳ ገዥ፣ የትዳራችን ጠባቂ፣ የልባችን መርማሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሪህ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ ሕልም እንቅልፍዎን እንዳይረብሸው፣ በቅሎዎም ደንብራ እንዳትጥልዎ ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ የመሪጌታ ጣሰው ልጅ አማረች፣ እርስዎን ከማመስገን በቀር ሌላ ሥራ ስለሌለኝ ደህና ነኝ። አሁን የምኖረው በመካነ ኢየሱስ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ሲሆን፣ ያን ጊዜ «ሴት ልጅ ዳዊት ደግማ ምን ልትሠራበት ነው?» እያሉ ለሳቁበት ሁሉ መልሱ ዛሬ ደርሷል፤ ለእርስዎ ምስጋና ልትጽፍበት ኖሯል። ምስጋናዬን በገበያ እንዲነበብ ማድረጌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። የእርስዎም በጎ ሥራ የተሠራው በአደባባይ ነውና፣ ውለታውን በጓዳ መመለስ ነውር መስሎ ታየኝ።

አንደኛ፣ ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ የባልና የሚስት ክስ ችሎትዎን ስላጣበበው አዝነው፣ አቶ ደምሌ የሚባሉትን ባሕር ማዶ የተማሩ ሰው ልብ ከሚለካ መሣሪያቸው ጋር አስመጡልን። ከቅዳሴ በኋላም በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው፣ ከእንግዲህ በዋርካ በር ግዛት በመሣሪያው ሳይመረመር የሚተጫጭ ሰው እንዳይኖር አዘዙ። የደብራችን አለቃ አባ ይግዛው ቆባቸውን አውልቀው፣ «ጌታዬ፣ እኛ እስከ ሰባት ቤት ዘር ስንቆጥር ኖረናል፤ ይህን ደግሞ ምን ብለን እንቁጠረው?» ቢሉዎት፣ «ሳይንስ ነው ብላችሁ ተቀበሉ» ብለው መለሱላቸው። ተቀበልን። እኛ ያልገባንን ነገር ተቀብለን መኖር የለመድን ሰዎች ነን።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ምርመራው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ግን ታፈረ ማን እንደ ነበር ለማያውቁት መንገር ይገባኛል። የላይኛው መንደር ገበሬ ነበር። ጨዋታ ሲጀምር ሣቁ ይቀድመውና ወሬው መሃል መንገድ ላይ ይቀራል፤ እኛም ያልጨረሰውን ጨዋታ ሰምተን እንስቅ ነበር። ሲያርስ በሬዎቹን አይሳደብም፣ እንደ ጎረቤት ይመክራቸዋል። አባቴ ዘንድ ዳዊት ይማር በነበረ ጊዜ የሳተውን ከጓዳ ሆኜ ሳርመው ሰማና፣ ከዚያ ወዲህ በየመስመሩ ይስት ጀመር። አባቴ ሰንብቶ ነገሩ ሲገባው፣ «ይህ ልጅ መዝሙሩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ የሚስተው እርማቱ ስለጣፈጠው ነው» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌ ሲልክም እሺ አለው። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ መሣሪያ ስለሆነ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በሰኔ መግቢያ ተራችን ደርሶ በግቢዎ ከተተከለው ድንኳን ገባን። አቶ ደምሌ ጎን ለጎን አስቀምጠው ቀበቶ የመሰለ ነገር በክንዳችን ላይ አሰሩና፣ እጅ ለእጅ እንድንያያዝ አዘዙን። ታፈረ በሰው ፊት እጄን ይዞ አያውቅም ነበር። ገና ሲነካኝ፣ በወረቀቱ ላይ መስመር የምትስለው መርፌ ዘለለች፤ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ታች ወረደች፣ መቆሚያ አጣች። አቶ ደምሌ ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አይስማሙም። አንዱ ልብ ሌላውን ይረብሸዋል። ቢጋቡ ዓመት ሳይሞላቸው ችሎት ይቆማሉ» አሉ።

ታፈረም፣ «ጌታዬ፣ እኔ እሷን አይቼ ልቤ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ዛሬ ለመርፌ ብሎ ዝም ይበል?» አለ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም፤ ከባድ ሰው ነዎትና።

ከዚያም ምርመራው በከንቱ እንዳይቀር ብለው የእህትዎን ልጅ ላቀውን በታፈረ ቦታ አስቀመጡት። ላቀው ምንም ያላጠፋ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው። እጁን ያዝኩ። ቤት ጥዬው የመጣሁትን ያልተለቀመ ምስር አሰብኩ። መርፌዋ እንደ ረጋ ውኃ ቀጥ አለች። አቶ ደምሌ ከወንበራቸው ተነሥተው፣ «ተገኘ! እንዲህ ያለ ስምምነት አይቼ አላውቅም!» ብለው ጮኹ፤ እርስዎም አጨበጨቡ።

ሦስተኛ፣ ለአባቴ ስላደረጉለት ክብር አመሰግናለሁ። «ልጄን በቃሌ ሰጥቻለሁ፤ የመሪጌታ ቃል አይታጠፍም» ቢልዎት አልተቆጡም፤ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎቱ የሚያርሳት የድጓ መሬት በማን መልካም ፈቃድ እንደምትቆይ ብቻ በለሰለሰ አንደበት አስታወሱት። እኔ ነኝ እጁን ይዤ ወደ ቤት የመለስኩት። ደጃፋችን ስንደርስ፣ «ልጄ፣ ዜማ እንጂ ጉልበት አልተማርኩም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማኅሌት ሲቆም ድምፁ ይሰበራል። ደብሩ አዝኖለታል፤ ያደመጠው ሁሉ ግን ዜማው ከቀድሞው ይልቅ ጣፈጠ ይላልና፣ ይህም የእርስዎ ስጦታ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ፍትሕዎ። ታፈረ ከችሎትዎ ቀርቦ እጅ ነሥቶ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ እርስዎና ባለቤትዎ ወይዘሮ ይታይሽ ተመርምራችሁ፣ እኛ ድሆቹ ጥሩ ትዳር በመርፌ ላይ ምን እንደሚመስል እንድናይ። እርስዎ አፍዎን ሳይከፍቱ እመቤታችን ከሰገነቱ ወርደው ክንዳቸውን ዘረጉ። በሕዝብ ፊት እምቢ ማለት ስላልሆነልዎ እርስዎም ዘረጉ። መርፌዋ ቀጥ አለች፤ ከእኔና ከላቀውም ይልቅ ቀጥ አለች።

አቶ ደምሌ ደስ ብሏቸው፣ «እጅግ የተስማማ ትዳር!» አሉ።

ወይዘሮ ይታይሽ ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩትና፣ «ልጄ ደምሌ፣ ከሬሳ ጋር ብታስረኝም እንዲሁ ቀጥ ይል ነበር» አሉ። ከዚያም ወደ እኔና ወደ ታፈረ ዞረው፣ «እንደ እነዚህ ልጆች አንድ ቀን እንኳ ልቤ በዘለለልኝ!» ብለው፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ወደ ቤት ገቡ።

በግቢው የሣቀ አልነበረም። ያን ጊዜ ፊትዎን አይቼዋለሁ፤ ክቡር ሆይ፣ ለአንድ አፍታ አዘንኩልዎ። እርስዎ ግን እንዳዝንልዎ ብዙ አላቆዩኝም። ታፈረ ገዥን በአደባባይ አዋርዷል ተብሎ እጁ የፊጥኝ ታሰረ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ልጽፈው ሞክሬ ብዕሬ እምቢ አለኝ።

ሐምሌ ነበር። ወንዙ እስኪጎድል ይቆይ ብለው ሽማግሌዎች ቢለምኑዎ፣ ሕግ ክረምት አያውቅም ብለው፣ ታፈረን ወደ አውራጃው እስር ቤት እንዲያደርሱት ከሁለት ነጭ ለባሽ ዘበኞች ጋር ሰደዱት። ከሁለቱ አንዱ ዋለ የሚባለው ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሶ መጥቶ በደጃፋችን ተቀመጠ፤ ግባ ብንለው አልገባም። የነገረን ይህ ነው። ከወንዙ ዳር ሲደርሱ ውኃው ግንድ ይዞ ይወርድ ነበር። ታፈረ፣ «ወንድሞቼ፣ እጄን ፍቱልኝና ልዋኝ፤ ከተሻገርን በኋላ መልሳችሁ እሰሩኝ» አላቸው። «ትእዛዝ የለንም አልነው» አለ ዋለ። «እሱ ግን አልተቆጣንም። እናንተም እኮ ታዝዛችሁ ነው ብሎ ሳቀ። መሃል ላይ ገመዱ ከእጄ አመለጠ።» ይህን ተናግሮ መዳፉን አሳየን፤ ገመዱ ልጦታል። አባቴ መዳፉን ይዞ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። ልቤን አዳመጥኩት፤ እንደ መርፌዎ ቀጥ ብሎ ነበር።

በጥር ለላቀው ተዳርኩ፤ ድግሱን ስለደገሱልን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሣሪያው አልዋሸም። ዓመት ከመንፈቅ አብረን ስንኖር አንድ ቀን አልተጣላንም፤ ቃል አልተለዋወጥንም፤ ችሎትዎንም አላጣበብንም። እራት አቀርባለሁ፣ ይበላል፣ ያመሰግነኛል፣ ይተኛል። አንድ ጊዜ ሆነ ብዬ ወጡን ጨው በጨው አድርጌ አቀረብኩለት፤ ይቆጣኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነበር። ዝም ብሎ በልቶ ውኃ ጠየቀኝ። ያን ቀን የተጎዳሁትን ያህል ከዚያ በፊት በትዳሬ አልተጎዳሁም። ለመጣላትም ልብ እንደሚያስፈልግ አቶ ደምሌ አልነገሩንማ።

በመጨረሻ ላቀው ራሱ፣ ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲዘንብ ሰምቼ በሩ ላይ ቆሜ ስቀር አየኝና፣ «አማረች፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አይደለህም» አልኩት።

«ታዲያ ከእኔ ጋር ተቀምጠሽ ለምን የለሽም?»

በነጋታው ስንቅ አስቋጥሮ እስከ መካነ ኢየሱስ ራሱ ሸኘኝ። ስንለያይ፣ «ለአጎቴ ስምምነታችን እስከ መጨረሻው አልፈረሰም ብለሽ ንገሪያቸው» አለኝ፤ ይኸው ነግሬዎታለሁ። እሱም ከዚያ ወደ ዋርካ በር አልተመለሰም።

አሁን መሣሪያውን በአርብ ገበያ መንደርም ለማቆም ማሰብዎን ሰምቼ ይህን ጻፍኩ። የዚያ አገር ሰዎች ሆይ፣ አትፍሩ፤ መርፌዋ እውነተኛ ናት። ስትዘልል ካያችሁ ግን ለማንም ሳትናገሩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ከድንኳኑ ውጡ። ፊታውራሪያችን በሰላም ላይ እንጂ በፍቅር ላይ አልተሾሙምና አትፍረዱባቸው። ሰላም ማለት ልብ የማይመታበት ቤት ነው ብለው ከልባቸው ያምናሉ፤ እኔም በዚያ ቤት ኖሬ አይቼዋለሁ፣ ጸጥታው እውነት ነው።

ውለታዎን እስከ ዕለተ ሞቴ የማልረሳ፣ ስምዎንም በጸሎት ብቻ ሳይሆን በየገበያው የማነሣ፣ የዘለለ ልቧን ቀጥ አድርገው ያስተካከሉላት ትሑት አገልጋይዎ፣

አማረች ጣሰው
መካነ ኢየሱስ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ የታፈረ እናት ባልተገኘው የልጃቸው ሬሳ ፈንታ ባዶ ሳጥን ማስቀበር አልፈልግም ብለዋል። የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፤ ውኃው የወሰደበትን ቦታ የሚያሳያቸው ሰው። ዋለ ቦታውን ቢያውቀውም፣ ለማንም እንዳያሳይ በእርስዎ ታዝዟልና እንደ ልማዱ ታዛዥ ሆኖ ተቀምጧል። እኒህ ሴት እስከዚያው ድረስ ጧት ጧት እየተነሡ የወንዙን ዳር ከላይ እስከ ታች ይሄዱበታል፣ የት ቆመው እንደሚያለቅሱ ግን አያውቁም። ለዚህም የእርስዎ ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደሆነ በትሕትና እንጠይቃለን።