ከዳር ያበዛሁት ብርሃን

ላሊበላ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ውድ ምሥጋናው፣

ሰላም ነህ ወይ? የሙኒክ በጋ እንዴት ይዞሃል? እዚህ ሰማዩ ተቀዷል። አባባ ከጆሯቸው በቀር ደኅና ናቸው።

ሦስት ወር ሙሉ ዝም ያለች ሚስት ዛሬ ምን ነካት ትል ይሆናል። ልንገርህ፦ አንተ ልክ ነበርክ። ይኸው ጻፍኩት፤ እጄም አልተቆረጠም።

ከጋላክሲዎቹ ስብስብ ዳር አገኘሁት ያልኩትን የሚያበራ ትኩስ ጋዝ ሳሳይህ፣ «የትናየት፣ ይሄ ብርሃን የሰማዩ ሳይሆን የስሌትሽ ነው» አልከኝ። እኔስ? «ቅናት ነው!» አልኩህ፤ የገዛ ባሌን! ከዚያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ አባባ ጋ መጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አባባ ያመጣሁላቸውን የጆሮ መስሚያ አደረጉ። ጎረቤታችን ቄስ ፈንታው ሊጠይቋቸው መጥተው በሩ ሥር ተቀምጠዋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አባባ አጠገባቸው ያለሁትን እኔን ይሰማሉ፤ የቄስ ፈንታው ድምፅ ግን አልደርስ አላቸው። መስሚያውን ከፍ አደረጉና ወዲያው መንጭቀው አወጡት።

«ኧረ ወዲያ! ፈንታውን አሰማኝ ብለው ዝናቡን ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ ገለበጠብኝ!»

ቄስ ፈንታው በሳቅ ፈረሱ። እኔ ደርቄ ቀረሁ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አሉ አባባ።

ነገርኳቸው። ቴሌስኮፓችን መሃሉን በደንብ ያያል፤ ወደ ዳር ሲሄድ ግን በመስታወቱ በኩል የሚደርሰው የጋዙ ብርሃን፣ ኤክስሬይ የምንለው፣ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የጎደለውን ለማካካስ ዳሩን በስሌት እናበዛለን። ከጠፈር መጥተው በመስታወቱ ሳያልፉ የመሣሪያውን ግድግዳ ሰንጥቀው የሚገቡ ቅንጣቶችም አሉ፤ እነሱ እንደ ዝናቡ መሃልም ዳርም እኩል ናቸው። እኔ እነሱን አስቀድሜ ሳልቀንስ ሁሉንም አንድ ላይ አበዛሁት፤ ዳር ላይ ብርሃን የመሰለኝ እነሱ ናቸው።

«መጀመሪያ ዝናቡን መቀነስ ነበረብሻ» አሉ።

«አዎ አባባ።»

«የነገረሽ ሰው አልነበረም?»

የጋብቻ ቀለበቴን በጣቴ ላይ አሽከረከርኩ። አባባም ቀለበቱን አዩ፤ ማን እንደሆነ ገብቷቸዋል።

ሰኞ መብራት ሲመጣ ላፕቶፔን ከፍቼ እንደገና ሠራሁት። ቅንጣቶቹን መጀመሪያ ቀንሼ የቀረውን ብቻ አበዛሁ። ያ ሁሉ ብርሃን ጠፋ፤ የሁለት ዓመት ልፋቴ! አለቀስኩ፤ ምን እደብቅሃለሁ። በማግስቱ ለፕሮፌሰሩ ጽሑፌ እንዳይታተም ኢሜይል ላክሁ። ስህተቱን ቀድሞ ያየው አንተ መሆንህንም በስምህ ጻፍኩ። ለአንተ ግን ኢሜይል አልበቃ አለኝ፤ በእጄ ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ጽሑፉ ይቅር፤ ሌላ እጽፋለሁ። ያንን «ቅናት» የሚል ቃል ስናገር ፊትህ የሆነውን ግን ልረሳው አልቻልኩም። ይቅር በለኝ፣ ምሥጋናው።

አባባ «የማርያም ጥላ ይጋርደው፣ ክፉ አይንካው» ብለውሃል። እኔም አሜን ብያለሁ።

የምመለሰው ጳጉሜን 3 ነው። የቤታችን ቁልፍ አሁንም በእጄ ነው። ስደርስ ከፍቼ ልግባ ወይስ ላንኳኳ?

አሁንም ሚስትህ፣
የትናየት