ሁለተኛው ትራስ

ጫልቱዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልሽ ሃያ ዓመት ሰመመን በሰጠሁበት ሆስፒታል፣ እንደ በሽተኛ ተኝቼ ነው። የሐሞት ጠጠር አለብህ ተብያለሁ፤ ነገ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ይደረግልኛል። ልጃችን ሲፈን አዲስ አበባ ልውሰድህ ብላ አልቅሳ ነበር፤ ሐሞቱ ስለተቆጣ መንገድ አይችልም አሏት። ስለዚህ የሚያስተኛኝ ሀሩን ነው። እዚህ ሰመመን የምንሰጠው እሱና እኔ ብቻ ነን።

አዎ፣ ያው ሀሩን። እኔ ያስተማርኩት፣ አንቺ "ልጄ" እያልሽ ከማዕድሽ ያበላሽው፣ አንቺንም ያስተኛው።

ቤቱን ልንገርሽ። ማንጎው ዘንድሮ ከአቅሙ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ የኩሽናውን ቆርቆሮ አጎበጠው። አላሠራሁትም። ሲፈን ባምባሲ ማስተማር ጀምራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ሲከፋት እንዳንቺ የታጠበ ዕቃ ደግማ ታጥባለች። አልጋችንን ላስተካክለው ስትል ጮህኩባት። ምክንያቱን አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።

በየጠዋቱ አንቺ በገባሽበት የቀዶ ሕክምና ክፍል በር እገባለሁ። ሀሩን ቢለቅ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ፤ እኔ ብለቅ እሱ። ምጥ የጠናባት ሴት ደግሞ የእኛን ኩርፊያ አትጠብቅም። ዓመት ሙሉ ከበሽተኛ ጉዳይ በቀር አላነጋገርኩትም። ሰላምታውን እንኳ በአንገቴ ነው የምመልስለት።

ሰው ሰመመን ከመውሰዱ በፊት አፉን ያስከፍቱታል፣ ምላሱን ያስወጡታል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀና ያስደርጉታል። እንቅርት ያለበት ከሆነ በጀርባው አስተኝተው ትንፋሹን ያያሉ፣ ቤቱ እንዴት እንደሚተኛም ይጠይቁታል። ትንፋሹ ቢዘጋ ቱቦው የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድሞ ለማወቅ ነው። ይህን አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እንቅርትሽን ልታስወጪ የገባሽ ቀን፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ግን አፈረ። ለቅሶው ላይ ራሱ ነገረኝ፤ "ከማጀቴ በልተህ አሁን አፍሽን ክፈቺ ልትለኝ ነው?" ብለሽ ሳቅሽበት። አብሮሽ ሳቀ። የመምህሬን ሚስት እንዴት ብዬ ብሎ፣ ወረቀቱ ላይ "ችግር የለም" ብሎ ጻፈ። እኔ ማንም ዘመዱን አያክምም የሚለውን የራሴን ደንብ አክብሬ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር። ሰመመኑ እንደያዘሽ እንቅርቱ የአየር ቧንቧሽን ተጫነው፤ ቱቦው አላልፍ አለ። ሲጠሩኝ ረፍዶ ነበር።

ይህን ታሪክ ዓመት ሙሉ ለራሴ ስደጋግመው ኖርኩ። ውሸት የለበትም። ግን ጎዶሎ ነው።

ዛሬ ከሰዓት ሀሩን ፎርሙን ይዞ መጥቶ አልጋዬ ግርጌ ቆመ። እንደዚያ ጊዜው ያፍራል ብዬ ጠበቅኩ፤ ከክፋቴ፣ እንዲያፍር ፈልጌም ነበር። አላፈረም። አፌን አስከፈተኝ። ሦስት ጣቱን በጥርሶቼ መካከል አስገብቶ የአፌን ስፋት ለካ። እንደሌለኝ እያወቀ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ትራሴን ከሥሬ አውጥቶ በጀርባዬ አስተኛኝና ትንፋሼን አዳመጠ። ከዚያ ዓይኔን ሳያይ፣ "ጋሼ፣ ቤት በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?" አለኝ።

ያንን ትራስ ታስታውሺዋለሽ? ዝቅ ብዬ ስተኛ ያፍነኛል ያልሽኝ ከመሞትሽ ሁለት ወር በፊት ነው። የአሶሳ ሙቀት ነው አልኩሽ። ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሁለተኛውን ትራስ የገዛሁልሽ እኔ ነኝ፤ ጥጡ ይጎረብጣል ብለሽ ቀለድሽብኝ። ይህን ጥያቄ የዘለለ ተማሪ ከክፍል የማስወጣ ሰው፣ መልሱን አጠገቤ አስተኝቼ አላየሁትም። ከቀብርሽ ስንመለስ አልጋው ላይ ሁለቱን ትራስ ሳይ፣ እንቅርቱ ያኔውኑ ትንፋሽሽን ይጫን እንደነበር ገባኝ። ዝም አልኩ። ጥፋቱን ሀሩን ብቻውን ይሸከመው ብዬ ዝም አልኩ።

"እኔ በአንድ" አልኩት። "እሷ ግን በሁለት ነበር የምትተኛው። ሁለተኛውን የገዛሁላት እኔ ነኝ።"

እስክሪብቶው ቆመ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጣም አይፈረድበትም ነበር። ትራሱን አንስቶ ከራሴ ሥር መለሰልኝና፣ ነገ ጠዋት ምግብም ውሃም እንዳልቀምስ ነግሮኝ ወጣ። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ አላውቅም። ነገ ትንፋሼ በእጁ ነው።

ከነቃሁ ለሲፈንም እነግራታለሁ። ሁለቱ ትራሶች በአንቺ በኩል እንዳሉ ናቸው፤ ማንም አያነሳቸውም። ከእንግዲህ በዚያ በር የሚገባውን ሁሉ፣ ዘመድም ይሁን ባለሥልጣን፣ በስንት ትራስ እንደሚተኛ እጠይቀዋለሁ። በጠየቅኩ ቁጥር የማስበው አንቺን ነው።

ባልሽ