ስለ አባዬ ኩላሊት ያልተነገረህ

ኅዳር 9 ቀን

ወንድምዓለም፣ እንደ ሁልጊዜው እማዬ የምትለኝን ብቻ መጻፍ ነበረብኝ፤ ዛሬ ግን ሳላስፈቅዳት አንድ ነገር ጨምሬያለሁ።

«ልጄ፣ ዕድሜህ ይርዘም፤ የጀመርከው ይስመርልህ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ተጠግኖልኛል። አባትህም ቀልዱን አልተወም። ሳትበላ አትደር። በሰላም ያገናኘን።» እስከዚህ የእሷ ነው።

አባዬ ካንሰር ተገኝቶበት አንድ ኩላሊቱ ከወጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። አትደንግጥ፣ የትም አልተዛመተም። ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ የካንሰር ሴል ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ለጎረቤት ሴሎች መልእክት ይልካል፤ እነሱም ተታለው የደም ሥር ይዘረጉለታል፣ መንገድም ይለቁለታል። አባዬ የሚውጠው ኪኒን ያንን መልእክት ለማገድ ነው።

«ታዲያ ኩላሊቴ ሰፈር በጥባጭ ነበራ» አለና ሳቀ።

«ቀስ ብለህ ሳቅ፣ ስፌትህ ይተረተራል» አለችው እማዬ።

ትናንት እስከ ዳቦ ቤቱ በእግሩ ደርሶ መጣ።

እማዬ የደበቀችህ ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ ሰግታ ነው። አደራ፣ አትምጣ፤ ለአባዬ ግን ጻፍለት። ነገ ፖስታውን ሳላሽግ ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ብትቆጣም ቀድጄ አልጥለውም።