የቁም ሰው መርዶ

ላፍቶ፣ ጥር 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ደምሰው፣

ጭዱን ሸጦ ወደ ፉሪ ሲመለስ ቀጄላ ይህን ወረቀት ያደርስልሃል። አንብበህ አቃጥለው። ሳትጨርስ ግን አትቅደደው፤ አመልህን አውቃለሁ።

እማማ እህል ካፏ ካልገባ ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው። ውሃ በማንኪያ ነው የማጠጣት። ከሏንም አላወልቅም ብላለች።

የመርዶውን ቀን ነገር በደንብ አልነገርኩህም። ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስምህን ሲጠራ፣ አባባ አንተን ወዳጁ ቀጄላ ቤት ደብቆ «ወንጂ ሥራ ፍለጋ ሄዶ ወባ ገደለው፣ እዚያው ተቀበረ» ብሎ በማለዳ መርዶ አስነገረ። እኔ አውቅ ነበር። እማማ አታውቅም። ቀድመን እንንገራት ብዬ ብለምነው «እሷ ከልቧ ካላለቀሰች ቀበሌው አያምንም» አለኝ። እድርተኛው ፊት ደረቷን ስትደቃ አብሬያት አለቀስኩ። ለውሸት ለቅሶ እንባ ይመጣልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር፣ መጣልኝ።

በሣልስቱ እውነቱን ነገርናት። ለማጽናናት የፈጠርነው መሰላት። አባባ እግሯ ላይ ወድቆ፣ መስቀል ይዞ ማለላት። እሷ ግን የልጄን ተዝካር ላለማውጣት ነው ብላ ከዚያ ወዲህ አታናግረውም። እሱም ከሰው ተራ ወጥቷል።

እማማ እንዳላመነችን በቀጄላ ብልክብህ «ለአባቴ ሞቻለሁ፣ ሞቼ ልቅር» ብለህ መለስክ። እልህ ምላጭ ያስውጣል። ግትርነትህ ደግሞ ቁርጥ አባባን ነው፣ ብትጠላውም። በድሎሃል፣ እሷንም በድሏል፣ አልከራከርህም። ግን አንተ እሱን ስትቀጣ የምትሞተው እሷ ናት።

እሷን እንዳላመጣት እግሯ አብጦ መቆም አቅቷታል። አንተ ብትመጣ ልትያዝ እንደምትችልም አውቃለሁ። ና ብዬ መጻፉ ከበደኝ። አትምጣ ማለቱ ግን ባሰብኝ።

ትናንት «በሕይወት አለ እኮ፣ እማማ» አልኳት። ዓይኗን ሳትገልጥ «ልጄን እኔ አውቀዋለሁ። ቢኖርማ እንዲህ መሆኔን እየሰማ ዝም አይለኝም ነበር» አለችኝ።

ይህን የምጽፍልህ ለዚህ ነው፣ ደምሰው።

ቅዳሜ ቀጄላ ጭድ ሲያወርድ የእሱን ጋቢ ተከናንበህ አብረኸው ግባ። የጓሮውን በር አልቀረቅረውም። ካልመጣህ ግን አንድ ማለዳ የእሷ መርዶ ይደርስሃል፤ ይህኛው ውሸት አይሆንም።

በሩ ላይ የምትጠብቅህ
እህትህ ውዳሴ