ለአሮጌዋ የሳር ትራክተር ካምቢዮ ፍለጋ

ሰኞ፣ ኤፕሪል 8። 16:40

ግራሶው ከጥፍሬ ሥር አልወጣም። በእቃ ሳሙና፣ በስኳር፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። ምንም። ይቅር።

ካምቢዮውን ፈታሁት፣ ደብተሬ። ከፈራሁት የባሰ ነው። ሁለቱ ዋና ብረቶች ጥርሳቸው ረግፏል፤ ፍርፋሪው ዘይቱ ውስጥ እንደ አሸዋ። ትራክተሯ የድሮ ናት፣ አዲስ ዕቃ የሚያመርትላት የለም።

ባለፈው ሳምንት ያደረግኩትን ልጻፈው፣ እንዳልሸሽ። የቦሬትስላጉ ስብሰባ፣ የሕንጻው ነዋሪ ሁሉ ባለበት። ሊቀመንበሯ ሲሪ ትራክተሯ ለቁራሊዮ ትሂድ፣ ሳሩን ድርጅት ይጨደው አለች። እጄን አወጣሁ። እኔ አስነሳታለሁ አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ሲሪ ፈገግ አለች፣ ያንን የምጠላውን የአዘኔታ ፈገግታ። እስከ ኤፕሪል 27 ሰጠችኝ፤ ዱግናድ ነው፣ ሁላችንም ወጥተን ግቢ የምናጸዳበት ቀን። በራሷ ሞተር ከጋራዡ ወጥታ ቅጠል የተጫነ ጋሪ ከጎተተች ትቀራለች፤ ሰመሩን ሙሉ እኔ አጭዳለሁ፣ በደመወዝ። ካልሆነ የቁራሊዮው መኪና በዚያው ቀን ይወስዳታል።

አባዬ አልወደደውም። ኢንጂነሪንግ ተምረሽ ጋራዥ ወለል ላይ ትተኛለሽ ይላል። እሱ ራሱ አገር ቤት መካኒክ ነበር፤ እዚህ ፈረንጅ አገር ትምህርት ቤት ያጸዳል። ማመልከቻ የላክሁላቸው ሁሉ ልምድ የለሽም ይላሉ። እሺ። ወለሉ ላይ ተኝቼ አመጣዋለሁ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 12

አገኘሁ!! ነገ ዴለማርከድ አለ፣ የአሮጌ ማሽን ዕቃ ገበያ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ። አንድ ሰው የእኛን ዓይነት ካምቢዮ ይዞ ይመጣል።

እማዬ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ያሞኙሻል። እራት ላይ ትምህርት፦ ግማሹን ጥሪ፣ ደስ እንዳለሽ አታሳዪ፣ ካልቀነሰ ጥለሽ ሂጂ፣ ይጠራሻል። መርካቶ ያደገች ሴት ናት፣ ማን ይከራከራታል።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 13። 15:10፣ ባቡር ውስጥ

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ዕቃው ነበረ። ቱታ የለበሰ ሽማግሌ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በካንዴላና በቺንጊያ መሀል። በጣቴ አዞርኩት፣ ለስላሳ። ልቤ ዘለለ፣ ፊቴን አኮሳተርኩ። እማዬ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ሐብሐብ የምትመርጥ ይመስል። አሮጌ ነው አለችው። ያ ያ፣ አዎ፣ አሮጌ ነው አለ፣ በደስታ። ግማሹን ጠራች። ናይ፣ አይሆንም አለ፣ እሱንም በደስታ። ክንዴን ያዘች።

«ነይ። ዞር ብለሽ እንዳታዪ። አሁን ይጠራናል።»

አልጠራንም። ቫፍል መሸጫው ጋ ቆመን ጠበቅን፣ በጾም ሆድ፣ ሽታው እያሰከረን። አሥር ደቂቃ። ስንመለስ ሸጦታል! ሽማግሌው ግራ ገባው። አትፈልጉትም ብዬ ነው አለ። እውነቱን ነው። እዚህ ሰው ጥሎ ከሄደ ሄደ ነው። እዚሁ ተወልጄ ይህን አላጣሁትም፤ እናቴን ሰው ፊት ናይ ማለት ስለከበደኝ ነው። ጥፋቱ የኔ።

ሽማግሌውን ለመንኩት፣ ለገዢው ደወለልኝ። ሮልፍ የሚባል ሰው፣ ሊንደበርግ የሚኖር። የሚፈልገው ዘንጉን ብቻ ነው! እኔ የምፈልገው ጥርሶቹን፣ ባለጥርስ ብረቶቹን። ማክሰኞ ነይ አለኝ።

እማዬ በየጣቢያው ትነቃለች። «አልጠራንም እኮ።»

እሑድ፣ ኤፕሪል 14

ቤተ ክርስቲያን። የእማዬ ጓደኛ እትዬ ዘነበች፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ሥራ አገኘሽ ወይ። ሌላ ጊዜ መሬት መሬት አያለሁ። ዛሬ ጮክ ብዬ፦ «ትራክተር እየጠገንኩ ነው!» አፏን ያዘች። ያንተ ያለህ፣ ሴት ልጅ! አለች። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ምን አለበት፣ እጇ ሙያ ያውቃል» አለቻት።

እማዬ ናት ያለችው፣ ደብተሬ። እማዬ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 16። 20:00

ሮልፍ ካምቢዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ማን ይፈታልሻል፣ አባትሽ ይመጣል? አለ። እኔ ነኝ አልኩት። ከሰበርሽው ዘንጌም ይሰበራል አለ። አልሰብረውም አልኩ። እጁን አጣምሮ ቆመ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ፈተና እንደሚቆጣጠር ሰው። አንድ ቡሎን እንቢ አለኝ። ላቤ አፍንጫዬ ላይ። ወጣ!

ጥርሶቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ግማሽ ዋጋ ከፈልኩ። ልክ እማዬ የጠራችውን።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 26። 17:30

አሥር ቀን አልጻፍኩም፣ እጅ የለኝም። ረቡዕ አባዬ ጋራዥ ወረደ። ቆሞ አየኝ። ኩሽኔታውን ሳትቀይሪ ልትገጥሚው ነው? አለና ተንበረከከ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይወርዳል። አናወራም። ቁልፍ ያቀብለኛል፣ አቀብለዋለሁ።

ዛሬ ዘጋነው። ሞተሩ ተነሳ! አንደኛ ማርሽ አስገባሁ።

ወደ ኋላ ሄደች። የብስክሌት ማቆሚያውን ገጨች። ሁለተኛ፦ ወደ ኋላ። ሦስተኛ፦ ወደ ኋላ፣ እየበረረች። ወደ ኋላ የሚለው ማርሽ ብቻ ወደ ፊት ያስኬዳል፣ እንደ ኤሊ። ገባኝ። ትልቁን ጥርስ በተቃራኒው ጎን ገጥሜዋለሁ። በሁለት ሳምንት ሁለት ካምቢዮ ፈትቼ ግራና ቀኙ ተምታታብኝ።

አባዬ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ። «ሦስት ዓመት ተምረሽ፣ ወደ ኋላ?»

እኔም አለቀስኩ፣ በሳቅ አይደለም። እንደገና መፍታት ሁለት ቀን ይፈጃል። ዱግናዱ ነገ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 27። 09:35

የምጽፈው ትራክተሯ ላይ ተቀምጬ ነው። ውጭ መጥረጊያና የቅጠል መቧጠጫ የያዘ ሰው ሞልቷል። የቁራሊዮው መኪና በሩ ጋ ቆሟል። ሲሪ ስልኳን ታያለች።

አባዬ ሄጄ ልለምናት፣ እስከ ማክሰኞ ትስጠን አለ። እማዬ ከደረጃው ላይ፦ «ትሄዳለች አትሄድም?» ትሄዳለች አልኳት። «ታዲያ!»

ወሰንኩ። ልመና የለም። መደበቅም የለም። ሁሉም እየሰማ እናገራለሁ፦ በተቃራኒው የገጠምኩት እኔ ነኝ፣ ሰኞ ፈትቼ አስተካክላለሁ። ግን ቃሌ በራሷ ሞተር ወጥታ ጋሪ እንድትጎትት ነበር። በስንት ፍጥነት፣ በየትኛው ማርሽ፣ ማንም አልጠየቀኝም። የሚስቅ ይሳቅ፣ ስቆ ሲጨርስ ቅጠሉን ይጫን።

ጋሪው ታስሯል። ማርሹ ወደ ኋላ ላይ ነው፣ እኔ ወደ ፊት። አባዬ የጋራዡን በር እየከፈተ ነው፣ ሲሪ ቀና አለች፣ ሞተሩ ተነሳ። ወጣን!