ከአጥሩ ወዲያ ለቆማችሁ

እኔ ወይዘሮ ቀለሟ ደረሳ፣ የነቀምት ነዋሪ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፭ ዓመተ ምሕረት፣ ሰውነቴ በተስቦ ቢደክምም አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን የኑዛዜ ቃል እናገራለሁ። እኔ በቤቴ ደጃፍ በቁርበት ላይ ተኝቻለሁ። ጸሐፊው አቶ ወልደሩፋኤል፣ ምስክሮቹ አቶ ጆቴ ፉፋና ከጉራጌ አገር የመጣው ነጋዴ አቶ ገብረኪዳን ከአጥሩ ወዲያ ቆመዋል። በሽታውን ፈርተው ነውና አልቀየምም፤ ነገር ግን ስጮኽ ጉሮሮዬ ይደርቃልና ድገሚ አትበሉኝ። ወንድሜ ነመራም ከኋላቸው አለ። ባርኔጣውን አይቼዋለሁ፤ መደበቁን ይተው።

አስቀድሜ ነፍሴን ለፈጠራትና በልጁ ደም ለገዛት አምላክ አደራ እሰጣለሁ። ሬሳዬን ከባሌ መቃብር አጠገብ አኑሩት። መዝሙር በኦሮምኛ ይዘመርልኝ፤ አልቃሽ ቀጥራችሁ እንዳታመጡብኝ።

አንደኛ፤ በጉቴ ያለው የቡና መሬቴ ለወንድሜ ለነመራ ይሁን። አባታችን በሞተ ጊዜ «መሬት ለሴት ምን ያደርግላታል» ብሎ በድርሻዬ ከሽማግሌ ሽማግሌ አንከራቶኛል። አልረሳሁትም። ሆኖም ቡና ሲለቅም እንደ እርሱ የሚጠነቀቅ አላየሁም፤ ያልቀላ ፍሬ አይነካም። ስለዚህ ይውሰደው። ኋላ የምለምነውን እንቢ ቢለኝ እንኳ መሬቱ የእርሱ ነው። በቡና ሰው ልገዛ አልፈልግም።

ሁለተኛ፤ ጥቁሯ ላሜ ለጎረቤቴ ለእማዋይሽ ትሰጥ። ከታመምሁ ጀምሮ በየማለዳው ውሃ በእንስራ ከደጄ አኑራ፣ ልብሷን ሰብስባ ትሮጣለች። ሩጫዋ ያስቀኛል። ግን ቀርታ አታውቅም፤ እግዚአብሔር ይስጣት።

ሦስተኛ፤ ይህ ቤት ከነጓሮው ለፀዳለ ተድላ ይሁን። ፀዳለ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ተድላ ከጉራጌ አገር መጥቶ በእኛ መንገድ ላይ ጨውና አቡጀዲ ይነግድ የነበረው ነው። ባለፈው ክረምት ተስቦ ቤቱ ገብቶ እርሱን አስቀደመ። ቀባሪዎቹ አፈር አልብሰውት ተበተኑ፤ ሚስቱ ሸዋርጋና ልጂቱ ታመው ውስጥ ቀሩ። ሲያቃስቱ ከመንገድ ይሰማ ነበር።

ሄጄ ከደጃፋቸው ቆምሁ። ባሌን የበላው ይኸው በሽታ ነውና እንዴት አድርጎ እንደሚገድል ዐውቃለሁ። ፍርሃቴን እንዲወስድልኝ ጌታን ለመንሁት። አልወሰደልኝም። ተቆጣሁት። «እንግዲያውስ አንተ ቅደም፤ እኔ ኋላህን ይዤ እገባለሁ» አልሁት። ከዚያም ገባሁ፤ ፍርሃቴም አብሮኝ ገባ። ውሃ ሳሞቅም፣ ሸዋርጋን ሳገላብጥም አልተለየኝም፤ እጄ ግን ሥራውን ይሠራ ነበር። ጌታ መቅደሙን ያወቅሁት በዚህ ነው። ሸዋርጋ በእቅፌ ዐረፈች። ከማረፏ በፊት «ልጄን ለመንገድ እንዳትተያት» አለችኝ፤ «እሺ» አልኋት። ልጂቱ ዳነች። እኔን ያስያዘኝ ኋላ ያስታመምሁት ሌላ ቤት ነውና በእርስዋ አታመካኙ።

አሁን ነመራ፣ ስማኝ። አንተና ሚስትህ አሰፋች ልጅ አልወለዳችሁም። ፀዳለን በጉዲፈቻ ተቀበላት። መሬትን በአጥር ላይ ጮኾ መስጠት ይቻላል፤ ልጅ ግን በወጋችን አባት የሚሆናት ሰው በሽማግሌ ፊት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በገዛ እጁ ራሷን ቅቤ ሳይቀባ ልጁ አትባልም። ቅማል እንዳይኖርባት ጠጉሯን ላጭቻታለሁ፤ ልብሷን ቀቅዬዋለሁ። በጓሮ ዛፍ ሥር ብቻዋን ተቀምጣ ታያታለህ፤ እኔ ዘንድ መምጣት አያሻህም። በእሑድ ጉባኤ ፊት ቆመህ መጽሐፍ ቅዱስ ስታነብ ድምፅህ ያምራል፤ ደስ ይለኛልም። ዛሬ የምለምንህ ግን ንባብ አይደለም። ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍራ» አልልህም። ፍራ። ግን ና።

አቶ ወልደሩፋኤል፣ ብዕርዎን ለምን አቆሙ? ሄደ? እንግዲያውስ ይጻፉት፤ «ወንድሟ ነመራ ይህን ሰምቶ ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ» ብለው ይጻፉት። አልረግመውም። ቡናውንም አልነሣውም። ልቤ ግን አዝኗል፤ ይህንም ይጻፉ።

አራተኛ፤ አቶ ገብረኪዳን፣ የአገርዎ ልጅ ናትና ዐይንዎን ከመሬት ያንሡ። ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። አቶ ጆቴም ከአጥሩ ራቁ። ሁላችሁም ልጆች አሏችሁ፤ ስለ እነርሱ እንደ ፈራችሁ አይጠፋኝም። እንግዲህ ፀዳለን ማን እንደሚቀበላት አላውቅም፤ ጌታ ያውቃል። አቶ ወልደሩፋኤል፣ እዚህ ላይ ስም የሚገባበት ባዶ ቦታ ይተዉልኝ። ሳይሞላ አውራ ጣቴን አላኖርም።

እኔ ጸሐፊው ወልደሩፋኤል ከዚህ በታች ያለውን በዐይኔ ያየሁትን ጨምሬ ጽፌአለሁ። ቦታው ባዶ እንደ ተተወ ብዙ ቆየን። ወይዘሮ ቀለሟ ዐይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅስ ነበር። ያለፈች መስሎን ሁለት ጊዜ ተጣራን። ከዚያ አቶ ነመራ ከገበያው መንገድ ሲመለስ አየነው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዞ ነበር። በፊታችን አልፎ የአጥሩን በር ከፈተ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ጉዲፈቻ ያለ ሽማግሌ አይሆንምና አቶ ጆቴና አቶ ገብረኪዳን ተከተሉት። እኔም የአውራ ጣቷን ቀለም በረጅም እንጨት አንጠልጥዬ ላቀብላት አስቤ ነበር፤ አሁን ግን በእጄ ይዤው ገባሁ።

ነመራ ልጂቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቀባት። ትንፋሹን ይዞ ፊቱን ወደ ጎን ስላዞረ ቅቤው በግንባሯና በአፍንጫዋ ሁሉ ተለቀለቀ፤ ልጂቱ ሳቀች።

ወይዘሮ ቀለሟ ከደጃፏ ሆና፣ «ነመራ፣ ፈርተሃል?» አለችው።

«እጅግ፣ እኅቴ።»

«ደግ። አሁን ስሙን ጻፉ» አለችን።

የተናዛዧ አውራ ጣት፦ ቀለሟ ደረሳ
ከአጥሯ ውስጥ ቆሞ የመሰከረ፦ ጆቴ ፉፋ
ከአጥሯ ውስጥ ቆሞ የመሰከረ፦ ገብረኪዳን
ጸሐፊ፦ ወልደሩፋኤል
በባዶው ቦታ የገባ ስም፦ ነመራ ደረሳ፣ የፀዳለ አባት