የሁሉም ጽሑፍ በእኔ እጅ

ሰኞ

ሊቃውንቶች! ለመጽሔታችን የጻፈው ሰው አንድ ገጽ ላይ ሦስቴ። ወንድሜ፣ ሊቃውንት እኮ ራሱ ብዙ ነው፤ ምን ይጨመርበታል? «ሕዝቡ» ብሎ ይጀምርና «ተነሡ» ብሎ ይጨርሳል። አራት ነጥብ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ልብ ግን አለው፤ ደርግን እንደሱ የሚናገር የለም። አርሜ ገለበጥኩለት። የአማርኛ ጽሕፈት መኪና ስለሌለን የመጽሔታችን ጽሑፍ ሁሉ በእኔ እጅ ተገልብጦ ነው የሚባዛው። ረቂቁን አቃጠልኩት። ደንባችን ነው፤ የማንም የእጅ ጽሑፍ እንዳይታወቅ።

ማክሰኞ

እዚህ ለንደን፣ ሆሎዌይ ሰፈር አውቶቡስ ስጠብቅ ያ ባለግራጫ ካፖርቱ ሰውዬ አጠገቤ ቆመ። ለደርግ ወሬ ያቀብላል እየተባለ ሁሉም የሚሸሸው። «እህቴ፣ መጽሔቷን ስንት ሰው ነው የሚጽፋት? እኔማ አንድ ሰው ብቻ መስሎኝ!» ብሎ ሳቀ። ሞኟ እኔ አብሬው ሳቅኩ። ከዚያ «እናትሽ እትዬ አስካለ ደህና ናቸው?» አለኝ።

የእማዬን ስም እዚህ ለማንም ነግሬ አላውቅም። የመጣው አውቶቡስ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። ለካ ወደ ቤቴ የማይሄድ፣ የኤድመንተን ነው።

ረቡዕ

ለአዘጋጃችን ለጋሽ ወርቁ ነገርኳቸው። «ስምሽ የትም የለ፣ ምን ያስፈራሻል?» አሉኝ። ጋሼ፣ ስሜ ባይኖር እጄ ከሽፋን እስከ ሽፋን አለ! የሌላውን ሁሉ ደብቄ የራሴን አደባባይ አሰጣሁት። ለእማዬም በየወሩ የምጽፈው በዚሁ እጅ ነው። አዲስ አበባ ደብዳቤ እየተከፈተ እንደሚነበብ ማን ያጣዋል?

ጋሼ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ሐሙስ

ለእማዬ ልጻፍላት? ያው እጅ። በሰው ላጽፍ? ልጄ ሞታለች ብላ ድንኳን ትጥላለች። ስልክ ይሻላል፤ ጎረቤቷ እትዬ በላይነሽ ቤት አለ። ጥሪውን ለነገ አስመዘገብኩ።

አዲስ ጽሑፍ መጥቷል። «ብዙ ሰዎች ሁሉም በሙሉ» ይላል። ይበል። አልነካውም።

ዓርብ

ተገናኘን። ድምፅዋ ደህና ነው፤ እንዲያውም ደስ ብሏታል። «ጓደኞችሽ መጥተው ነበር» አለችኝ።

የምን ጓደኞች?

«ሁለት ጨዋ ልጆች። ለማስታወሻ ብለው ደብዳቤዎችሽን ለመኑኝ፤ ምሳ አብልቼ ሰጠኋቸው። ነገ ደግሞ በመኪና መጥተው ሊወስዱኝ ነው፣ ሊያናፍሱኝ።»

መስመሩ ላይ ሌላ ሰው ይተነፍሳል። በግልጽ እንዳልናገር!

«እማዬ፣ ነገ የአክስቴ ተዝካር አይደለም እንዴ? ደብረ ብርሃን?»

«ወይ ጉድ፣ ረስቼው! ዛሬውኑ እነሣለሁ» አለች። ስልኩ ተቋረጠ።

ደብረ ብርሃን አክስት የለኝም። እማዬ እኅት ኖሯትም አያውቅ።